«ሄድኩ» አይባልም

ካልሲ አይቼ አለቀስኩ ብል ማን ያምነኛል? ግን ሆነ። እዚህ አገር፣ ከምድር ግርጌ፣ ሁሉ ነገር ሲገለበጥ ክረምቱ ብቻ ከኛው ጋር በሰኔ ይገጥማል፤ ባለፈው ሳምንት ብርዱ ሲጠና ወፍራም ልብስ ፍለጋ መሳቢያውን ስበረብር አንድ ግራጫ የሱፍ ካልሲ እጄ ገባ። የወንድ ካልሲ ነው፤ ተረከዙ በቡኒ ክር ተሰፍቷል። አንስቼ አሸተትኩት። እኔ እኮ ሞኝ ነኝ፣ የታጠበ ካልሲ ምን ይሸታል? ብቻ አንዲት የእርድ ሽታ ያለችበት መሰለኝና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከመስኮቴ ሥር ትራሙ ሬስኮርስ ሮድን ይዞ ወደ ከተማ ይሄዳል። ፍሌሚንግተን የመንግሥት ኪራይ ፎቁ ላይ ስኖር ስንት ዘመኔ፣ የትራሙን ድምፅ ከሰው ድምፅ አብልጬ ነው የማውቀው።

ካልሲው የሣራ ነው። ሣራ ስላችሁ የኛ አገር ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሕንድ ናት። እውነተኛ ስሟ ሳራስዋቲ ነው። አሰላ ሳለች ሰፈርተኛው «ይሄን ሁሉ ማን ይጠራል» ብሎ ግማሹን ቆርጦ ጣለና ሣራ አላት፤ ሣራ ሆና ቀረች። ባሏ ቲቸር ናየር የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ያኔ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት የሕንድ አስተማሪ ያልነበረበት የት አለ? ናዝሬት፣ እኔ ባደግኩበት፣ ሦስት ነበሩን፤ ሱሪያቸውን እስከ እምብርታቸው ከፍ አድርገው፣ ጠመኔ በኪሳቸው ሞልተው። ስንሳሳት አይማቱም፤ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ይወዘውዙና እኛ እሺ ይሁን እምቢ ግራ ይገባናል።

የተገናኘነው ከከተማው ዳር፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ ነው። ልጄ ሕይወት እዚያ ነው ቤት የገዛችው። የጠዋትም የማታም ሺፍት ስላላት የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት የምቀበላት እኔ ነኝ። «በላሽ የኔ ቆንጆ?» እላታለሁ፤ «አይም ጉድ» ትለኛለች። ጨዋታችን ይኸው ነው። እንግዲህ አንድ ቀን ልጅቷ እስክትወጣ የሕንዶቹ ሱቅ ገብቼ የእርድ ከረጢት አነሳሁና ወደ ብርሃን ገልብጬ አየሁት። «ወይ ጉድ! ይሄ እርድ ነው ወይስ የተፈጨ ሸክላ?» አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ከራሱ ጋር ማውራት ይለምዳል።

«ሸክላ ነው። ተዪው፣ ታች ያለው ይሻላል» አለኝ አንድ ድምፅ።

ክው ብዬ ዞርኩ። አንዲት አጭር አሮጊት። ሳሪ ለብሳ፣ በሳሪው ላይ ሹራብ ደርባ፣ ከሥር ደግሞ ይህን ግራጫ የወንድ ካልሲ በነጠላ ጫማ አድርጋለች። «አማርኛ ትችያለሽ?» አልኳት። «አሰላ ነበርኩ» አለች፤ ሌላ ማስረጃ የሚያስፈልግ አልመሰላትም። «ካልሲውም ከአሰላ ነው። የአሰላ ብርድ እግር ይበላል አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላወለቅኩም።» ከመደርደሪያው ሥር ሁለት አሮጊቶች ተቃቅፈን ስንስቅ ባለሱቁ ዕቃ የሰበርን መስሎት ሮጦ መጣ።

አማርኛዋ ዛሬ አዲስ አበባ የሚወራው አይደለም፤ ያ የድሮው ነው፣ እንዳለ ተቀምጦ የቆየ። «ስሙኒ» ትላለች። «ኩታ» ትላለች። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፦ ቋንቋውን የለመደችው ከጎረቤት ሴቶች ስለነበር፣ እነሱም «አንቺ» ሲሏት ስለኖሩ፣ ለሣራ ፍጥረት በሙሉ «አንቺ» ነው። ባሏን አንቺ፣ ውሻውን አንቺ፣ አምላኳንም አንቺ። አንድ ጊዜ እኔ ዘንድ መጥታ ሬስኮርስ ሮድ ላይ ጎረቤቴን ጋሼ መኮንንን አስተዋወቅኳት። አንቱ የማይባሉ ከሆነ ሰላምታ የማይመልሱ ሰው ናቸው። «አንቺ ጋሼ፣ ደህና ነሽ ወይ? እግርሽን ተሻለሽ?» አለቻቸው። ጋሼ መኮንን ግን ነጭ ጢማቸውን ዳሰሱና «የኔ እናት፣ ይቺ ጢም ሳትታይሽ ቀርታ ነው?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕይወት ሺፍት ባላት ቀን ሁሉ እኔና ሣራ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ካለችው መናፈሻ አግዳሚ ላይ ነን። የልጇ የሱሬሽ ቤት ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ምን እናወራለን? ምኑን እንተዋለን! የናዝሬትን ሙቀት፣ የአሰላን ጭጋግ። ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የሚሰለፉትን ጋሪዎች፤ ከጣቢያው እስከ ገበያ በስሙኒ፣ ፈረሱ ከደከመው ደግሞ ወርዶ መግፋት ነው። ትኩስ ፓስቲ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ዘይቱ ጋዜጣውን በልቶት የሚኒስትሩ ፊት ፓስቲው ላይ ታትሞ። ብርቱካን በሰሃን ሳይሆን በጆንያ የሚገዛበትን ጊዜ። ወንዶቹ ቤል ቦቶም ሱሪያቸው መንገድ ሲጠርግ፣ አፍሯቸው በር አላስገባ ሲል። እሑድ ከሰዓት የጎረቤት ሬዲዮ በመስኮት ይወጣና መንደሩ በሙሉ አንድ ዘፈን ይሰማል፤ የማይወደውም ይሰማል። ሣራ አንዷን በክራር የምትዘፈን ዜማ እስከ ዛሬ ታንጎራጉራለች፤ ግጥሙን ግን ሁሉንም አበላሽታ፣ «ናፈቀኝ» በሚለው ቦታ «አፈር ነኝ» እያለች። አላረምኳትም። እንዲያውም ያምርባታል።

መለያየት ላይ ግን ችግር ነበር። የመጀመሪያ ቀን ከሱቁ ስንወጣ «በይ ሣራ፣ ሄድኩ» አልኳት። አፏን በእጇ ከደነች። «ኧረ! ሄድኩ አይባልም! እኛ ዘንድ ሄድኩ የሚል ሙት ነው። ሄጄ እመጣለሁ ነው የሚባለው። አሰላ ሴቶቹ ከቤቴ ሲወጡ ‹መጣሁ› ይሉኝ ነበር፤ እየሄደች መጣሁ! አማርኛን የወደድኩት በዚህች ቃል ነው።»

እኔ ደግሞ ያቺን ቃል ከቤቴ ካስወጣኋት ዕድሜዬን ነው።

ባሌ ተስፋዬ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበር። ቁመቱ መለሎ፣ ጫማ የሚወድ። ሌላው ሰው ለኮቱ ሲጨነቅ እሱ ለጫማው ነበር። አንድ ቅዳሜ ሠርግ ተጠርተን፣ እኔ ሕይወትን አርግዤ፣ ቀሚሴ አልገባ ብሎኝ ከመስተዋት ጋር ስጣላ፣ ራሱን በበሩ ብቅ አደረገና «ሊስትሮው ጋ ደርሼ መጣሁ» አለኝ። ሊስትሮው ከቤታችን ጥግ ነው፤ ከመስኮት ይታያል። «ቶሎ በል» እንኳ አላልኩትም፤ ምን ያስብላል? እንደወጣ ቀረ። የዚያ ዘመን ነገር ነው፤ ማን ወሰደው፣ ወዴት ወሰደው፣ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አማቴ እትዬ ዘነቡ ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጅ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀመጡ። ጠዋት ስነሳ «መጣ?» ይሉኛል። ከገበያ ስመለስ «መጣ?» ይሉኛል። በር በተንኳኳ ቁጥር «መጣ?» እያሉ ኖረው አንድ ቀን ሳይጠይቁኝ አደሩ፤ ስገባ ሞተው አገኘኋቸው። ከዚያ እኔም ልጄን አዝዬ በሱዳን ዞሬ፣ ተንከራትቼ እዚህ ደረስኩ። ሕይወትን «ከቤት ስትወጪ ሄድኩ በይ እንጂ መጣሁ እንዳትዪኝ» ብዬ ነው ያሳደግኳት። ሰው ሲሰማት ባለጌ ይላታል። ይበላት!

ይህን ሁሉ ለሣራ ነገርኳት። ሰማችኝና እጄን ያዘች። ከዚያ በኋላ እኔ «ሄድኩ» እንዳልላት፣ እሷ «መጣሁ» እንዳትለኝ፣ ስንለያይ ስልክ እንደሚዘጋ ሰው «እሺ… በይ… እሺ በይ… በይ እሺ» እየተባባልን ወደ ኋላችን እንራመድ ነበር። የልጅ ልጄ ቆማ ታየንና ዓይኗን ወደ ሰማይ ትሰቅላለች። እኔ ግን በሳምንቱ ውስጥ የምጠብቃት ያቺን ነበር። ልጄ ትወደኛለች፣ አላማትም፤ ግን ደክማ ትመጣለች፣ ስልኳን ይዛ ትተኛለች። ሰኞ የተናገርኩትን ረቡዕ ላይ «እሺ፣ ከዚያስ?» የምትለኝ ሣራ ብቻ ነበረች።

አምና በበጋው መጨረሻ አግዳሚው ላይ ስደርስ ሣራ ቀድማኝ ተቀምጣለች፤ ካልሲዋን እየሳበች። «ሱሬሽ ፐርዝ ሥራ አገኘ። ቤቱን ሸጠ። እኔንም ይዞኝ ሊሄድ ነው» አለችኝ። ፐርዝ አገሩ አንድ ነው ይበሉ እንጂ በአውሮፕላን ከኛ አገር ሱዳን ከመሄድ ምን ለየው? «እና እሺ አልሽው?» አልኳት፤ ድምፄ እንደ ቁጣ ነው የወጣው። «ልጄ ነው የሺ። ምን ልበላት?» አለች። ልጇንም «አንቺ» ነው የምትለው፣ መቼም። ያን ቀን ሊያስቀኝ አልቻለም።

ከዚያ አንድ ነገር ለመነችኝ። አሰላ ሳሉ ሱሬሽ ሕፃን ሆኖ ኩፍኝ ያዘው፤ አገሩ ሁሉ ልጅ የሚቀብርበት ጊዜ ነበር። ለኮረብታው አምላካቸው ተሳለች፦ ልጄን ካተረፍሽልኝ ተራራሽን ያለ ጫማ በእግሬ እወጣለሁ። ልጁ ተረፈ። አገሯ ስትመለስ ባሏ ሥራ፣ መንገዱ ሩቅ፣ ሲሄዱም በመኪና፤ ስለቱ ሳይከፈል ቲቸር ናየርም ሞቱ። «አሁን ከሜልተን ወዲያ ኮረብታ ላይ ቤተ መቅደስ ሠርተዋል። ሱሬሽ በመኪና እስከ በሩ ላድርስሽ ይለኛል። ስለት በመኪና ይደርሳል? ንገሪኝ አንቺ፣ ቁልቢ በመኪና ሄዶ ስለት ሰጠሁ የሚል አለ?» ኧረ ሞልቷል፣ አላልኳትም። «ጉልበቴ ብቻዬን አይችልም። ደግፊኝ።»

እኔ ደግሞ የማርያም ልጅ ነኝ፤ ነገሩ ከበደኝ። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። «አባ፣ ከሕንድ ጓደኛዬ ጋር የነሱ ቤተ መቅደስ ልሄድ ነው።» «ልትሰግጂ?» «በስመ አብ! ልደግፋት ነው እንጂ!» «አሮጊት መደገፍ ኃጢአት አይደለም። ከደጅ ቁሚ» አሉኝ። እሱማ ምን ይከፋል፤ ሴት ልጅ ከደጅ መቆም መች ብርቋ ነው።

ሱሬሽ ከኮረብታው ሥር አወረደንና ላይ ልጠብቃችሁ ብሎ በመኪናው ሄደ። ሣራ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ቦርሳዋ ከተተች፤ ካልሲውን ግን አላወለቀችም። «ሣራ፣ ካልሲውስ?» አልኳት። «ያለ ጫማ ነው ያልኩት። ስለ ካልሲ ምንም አላልኩም» አለችና በክንዴ ተንጠለጠለች። ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል፤ ነፋሱ ሳሪዋን እየነጠቀ ፊቴ ላይ ይጥልብኛል። እያረፍን፣ እያለከለክን፣ ጉልበታችንን ሳናምን ወጣን። ወደ ታች ሲያዩት የሜልተን አዳዲስ ጣሪያዎች ሜዳውን ሸፍነውታል። እኔ ግን ዝቋላ ላይ ነበርኩ። ከተስፋዬ ጋር በተጋባን ዓመት ለአቦ ወጥተናል፤ እሱ በዚያ በሚወደው ጫማው፣ እኔ በሸራ ጫማ። ሰው ሁሉ እየዘመረ ሲወጣ ደከመኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ «መጣሁ» ብሎኝ ወደ ሐይቁ ሮጠና በኮዳ ጸበል ቀድቶ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ እየሳቀ ተመለሰ። ለሣራ ይህን ስነግራት «የኛዋም ኮረብታ ነው የምትወደው፤ እንደናንተ አቦ» አለችኝ። «ተይ ሣራ፣ አቦን እዚህ ውስጥ አታግቢብኝ» አልኩና ሳቅን።

ቤተ መቅደሱ በር ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ። ሣራ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን አንድ በአንድ አወለቀች። ከሱቁ ቀን ጀምሮ እግሯን ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ትንሽ፣ የተጨማደደ፣ የልጅ እግር የሚያህል። ካልሲዎቹን አጣጥፋ እጄ ላይ አኖረችና «ያዢልኝ፣ መጣሁ» አለችኝ።

ሳታስበው ነው፤ አምልጧት ነው። እሷ ገብታለች፤ እኔ ግን ያ ሁሉ የማላውቀው ሰው ጫማ መሃል፣ ሁለት ካልሲ ጨብጬ ቆምኩ። ከውስጥ ደወል ይደወላል፣ ኮኮናት ሲሰበር ይሰማል፣ የጉንፋን ቅባት የመሰለ ሽታ ይወጣል። ሰው ይወጣል፣ ጫማውን ያደርጋል፣ ይሄዳል፤ ሣራ የለችም። ሌላው ይወጣል፤ ሣራ የለችም። ይሄኔ ወድቃለች። ይሄኔ በሌላ በር ወጥታ ልጇ ወስዷታል። አያችሁ፣ አእምሮ ስንቱን ይቀባጥራል! ትልቅ ሴትዮ በቀን ብርሃን፣ ከሰው መሃል ቆሜ፣ «እመቤቴ፣ ይቺን እንኳ አስወጪልኝ» እያልኩ በስንት ዘመኔ ለሰው መምጣት ጸለይኩ። ያውም በሰው ቤተ መቅደስ ደጅ።

ወጣች። ግንባሯ ላይ አመድ ተቀብታ፣ በቅጠል ላይ ጣፋጭ ይዛ፣ በባዶ እግሯ እየተንገዳገደች። እንባዬን ስታይ ደነገጠች። «ምነው የሺዬ? ምን ሆንሽ?»

«መጣሽ» አልኳት።

«አዎ መጣሁ። ካልሲዬን ስጪኝ፣ በረዶ ሆንኩ» አለች። ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጎንበስ ብዬ ካልሲዋን እኔው አደረግኩላት። እዚያው እንደተንበረከክኩም «ቅሪ ሣራ» አልኳት። «እኔ ጋ ኑሪ። አንድ ክፍል ናት፤ እንቻቻላለን። እኔ ሰው የለኝም።» ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች፤ እንደዚያ እንደ ሒሳብ አስተማሪዎቻችን፣ እሺ ይሁን እምቢ የማይታወቅ። «ይህን ልጅ ለምኜ ነው ያገኘሁት» አለች ቆይታ። «ስለቷን ዛሬ ከፍዬ ነገ ልጁን ልተዋት?» መኪናው ውስጥ እስክንገባ እጄን አልለቀቀችም።

የሄዱ ዕለት ወደ ኤርፖርት ሲያልፉ ፎቁ ሥር ቆሙ። ሱሬሽ ማቆሚያ አጥቶ ታች መኪናው ውስጥ ቀረ፤ ሣራ ብቻዋን በሊፍት ወጣች። በሬ ላይ ቆማ አንድ ከረጢት ሰጠችኝ፤ ያ ሸክላ ያልሆነው እርድ ነው፣ ካልሲዎቹም ታጥበው ተጣጥፈው ከላይ። «ፐርዝ ሙቀት ነው አሉ» አለችኝ። እስከ ሊፍቱ ሸኘኋት። ቁልፉን ተጭነን ቆምን። እኔ «እሺ በይ» ልል ነው፤ እሷም እንደዚያው የምትለኝ መስሎኛል። ሊፍቱ ተከፈተ፤ ገባች። ዞረችና ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ።

«የሺ፣ ሄድኩ» አለችኝ።

ሴትዮዋ በዕድሜዋ ያላለችውን ቃል ነው ያለችኝ። አገሯ ሙት ብቻ የሚለውን። እኔን ላለመዋሸት፣ ደግማ ደጅ ላይ ላታስቀምጠኝ። ገባኝ፤ ወዲያው ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ዘመን ከቤቴ ያባረርኳትን ቃል ፈለግኳት፤ ውሸትም ብትሆን ፈለግኳት።

«ሄድኩ አይባልም ሣራ!» ብዬ ጮህኩ። «ሄድኩ አይባልም! መጣሁ ነው የሚባለው! መጣሁ በዪኝ!»

ፊቷ በራ። አፏን ከፈተች፤ በሩ ግን መዘጋት ጀምሮ ነበር። ብረቱ ቃሏን መሃል ላይ ቆረጠው፤ «ሁ»ው ከእሷ ጋር ወረደ። እኔ ጋ የደረሰችው «መጣ» የምትለዋ ብቻ ናት፤ ያቺው የእትዬ ዘነቡ ቃል።

ባዶው መተላለፊያ ላይ ቆሜ፣ ዞር ብዬ በሬን አየሁ።